«ይሰማል፣ ግን አይሰማም»፦ የጀልባ ሬዲዮ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

ሬዲዮ ይዞ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «ይሰማል፣ ግን አይሰማም።»

ጽሑፍ ላይ ቃሉ አንድ ነው። አፍ ላይ ግን ይለያያል። የመጀመሪያው ላልቶ ይነበባል፤ ሬዲዮው የሌላውን ድምጽ ያመጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ጠብቆ ይነበባል፤ እኛ ስንናገር ማዶ ያለው ሰው ምንም አያገኝም ማለት ነው። መስማት ሌላ፣ መሰማት ሌላ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮው ሲያወራ ይሰማና «ደህና ነው» ብሎ ጀልባ ላይ ይወጣል። ደህና አለመሆኑን የሚያውቀው በቸገረው ቀን ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። መርከብ ላይ በኤሌክትሪክ ባለሙያነት ሰርቻለሁ። አሁን አገሬ ተመልሼ አነስተኛ የጥገና ጠረጴዛ አለኝ። ወሎ ባሕር የላትም። ግን ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉ ሁለት ሐይቆች አሏት። መርከብ ላይ የሚሰሩ ልጆችም አሏት፤ ለእረፍት ሲመጡ የሚጠይቁኝ ብዙ ነው። በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ በሚወርዱ መኪኖች ላይ የሚገጠመው ሬዲዮም ከጀልባው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ችግሩም፣ መፍትሄውም በአብዛኛው አንድ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ነው። አንድ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ኤስ ደብሊው አር ሜትር፣ ማለትም ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ መለኪያ፣ ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። የሬዲዮውን ሆድ መክፈቻ ግን ለጊዜው አስቀምጡት። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሣጥኑ ውጭ ነው ያለው፤ ገመዱ፣ ሶኬቱ፣ ባትሪው፣ አንቴናው ላይ።

«ሩቅ አይደርስም»

ይህን አስቀድሜ የማነሳው ብልሽት ሳይሆን ብዙ ሬዲዮ የሚያስፈታ ነገር ስለሆነ ነው።

የባሕር ሬዲዮ የሚሰራው ከ156 እስከ 162 ሜጋኸርዝ ገደማ ባለው የቪኤችኤፍ ሞገድ ነው። ጀልባ ላይ የሚገጠመው እስከ 25 ዋት ያወጣል። በእጅ የሚያዘው ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ዋት ነው። ሁለቱም ወደ 1 ዋት ዝቅ የሚሉበት ቁልፍ አላቸው። ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ አይዘልም። ስለዚህ ርቀቱን ከዋቱ ይበልጥ የሚወስነው የአንቴናው ከፍታ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ውሰዱ። ስኩዌር ሩቱን አውጡና በ4.1 አባዙት። መልሱ በኪሎ ሜትር ነው። የሁለቱንም ወገን አውጥታችሁ ደምሩት። በ2 ሜትር ከፍታ ሬዲዮ የያዙ ሁለት ሰዎች፣ መሀላቸው ገላጣ ውሃ ከሆነ፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ተኩል ይነጋገራሉ። ሐይቅን ከዳር እስከ ዳር ለመጥራት ይበቃል። ከሐይቁ ዳር ቆሞ ደሴ ያለ ሰው ልጥራ ማለት ግን ሌላ ነው። መሀል ላይ ያለውን ተራራ 25 ዋትም አያፈርሰውም።

ስለዚህ «አይደርስም» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። መሀል ላይ ጋራ አለ? ቁልፉስ 1 ዋት ላይ ቀርቶ ይሆን? አንድ ሰው ከቦሩ ሜዳ በኩል ሬዲዮ ተሸክሞ መጥቶ ነበር። ቁልፉን ከ1 ዋት ወደ 25 መለስኩለት። ሌላ ምንም አልነካሁም።

«ጭራሽ አይበራም»

መጀመሪያ ፊውዙ። ከባትሪው ወደ ሬዲዮው በሚመጣው ቀይ ገመድ መሀል ይገኛል፤ በብዙዎቹ ላይ 10 አምፔር ነው። በዓይን ብቻ አትመኑት። ቴስተር አድርጉበት። የፊውዙ ማቀፊያ ውስጥ ዝገት ካለ ፊውዙ ደህና ሆኖም አያሳልፍም።

ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኛችሁት በምክንያት ነው የተቃጠለው። ፖዘቲቭና ነጋቲቭ ተገልብጦ ይሆናል። ገመዱ ከጀልባው ብረት ጋር ተፋትጎ ተልጦ ይሆናል። አደራ የምላችሁ ነገር፣ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ አትተኩት። ፊውዝ የተሰራው ገመዱ እሳት ከመሆኑ በፊት እሱ እንዲሞት ነው። ጀልባ ላይ ደግሞ ነዳጅ አለ፤ መሸሻ የለም።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ቮልቱን ለኩ። እዚያ ድረስ 12 ቮልት ደርሶ ካልበራ ያኔ ነው ችግሩ ውስጥ ያለው። ያኔ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

የመኪናዎቹ ጉዳይ አለ። ሲኖትራክና መሰሎቹ 24 ቮልት ናቸው። የጀልባ ሬዲዮ ግን ለ12 ቮልት ነው የተሰራው። በቀጥታ 24 ላይ የተሰካ ሬዲዮ ይሞታል፤ ብዙዎቹ አይድኑም። አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይስባል። ሬዲዮው ይሰራል፤ ባትሪዎቹ ግን እኩል አይሞሉም። አንዱ ሁሌ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይጠጣል። በመጨረሻ ሁለቱም ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መቀየሪያ፣ ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል፣ ግዙ። መርከብ ላይም የምንሰራው እንደዚያ ነው።

«ይበራል፤ ልናገር ስጫን ይጠፋል»

ይህ ቀን ከቀን የማየው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሲገባችሁ የመሰማትና የመስማት ልዩነት ፍንትው ይላል።

ሬዲዮው ሲያዳምጥ የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ ከ1 አምፔር አይበልጥም። በ25 ዋት ሲናገር ግን 5 ወይም 6 አምፔር ይፈልጋል። በቀጭን ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ውሃ መቅዳት ይቻላል። በዚያው ቧንቧ እርሻ ማጠጣት አይቻልም። ቀጭን ገመድና የላላ መቋጠሪያም እንዲሁ ነው። ለማዳመጥ ይበቃል። ስትጫኑ ቮልቱ ይወርዳል። ሬዲዮው ያንቀላፋል ወይም ጠፍቶ ይበራል።

ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታላቅየው ደውሎ «ጋሼ፣ ሬዲዮው ሞቷል፤ አዲስ ልንገዛ ነው» አለኝ። «አብሽር፣ አትቸኩሉ፣ መጥቼ ልየው» አልኩት። ወረድኩ። ባትሪውን ለካሁ፤ 12.5 ቮልት። ደህና ነው። ሬዲዮው ጀርባ ላይ ለካሁ፤ አሁንም ሳንጫን 12.4። ከዚያ ታናሽየው ቁልፉን ሲጫን ቴስተሩን ተመለከትኩ። 9.8 ገባ።

ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። የቤት አምፖል የሚሰቀልበት ቀጭን ገመድ ነው፤ 6 ሜትር ያህል ይሆናል። ሦስት ቦታ ተቋጥሮ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮውን ስፈታው ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል። ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ መቋጠሪያ የሌለው፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ዘረጋን። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አደረግነው። እንደገና ሲጫን 12.2 አሳየ። አዲስ ሬዲዮ ሊገዛበት የነበረው ገንዘብ ኪሳቸው ቀረ።

ስለዚህ የምትለኩት ስትጫኑ ነው። ሳትጫኑ የተለካ ቮልት ስለዚህ ችግር ምንም አይነግራችሁም። አንቴናው መሰካቱን ግን አረጋግጡ። ያለ አንቴና መጫን የሬዲዮውን የማሰራጫ ክፍል ሊያቃጥለው ይችላል። ደግሞ አጭር ይሁን፣ ሥራ የማይበዛበት ቻናል ላይ ይሁን። አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚሉት 13.8 ቮልት ሆኖ እስከ 15 በመቶ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ይችላል ነው። ይህ ማለት ከ11.7 በታች መውረድ የለበትም።

ከወረደ ቴስተሩን ይዛችሁ ወደ ባትሪው ተመለሱ። በየመገጣጠሚያው እየተጫናችሁ ለኩ። ቮልቱ ድንገት የሚሻሻልበት ቦታ ከደረሳችሁ ጥፋቱን አልፋችሁታል። የባትሪው ምሰሶ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፤ አጥብቁት። የነጋቲቩን ገመድ አትርሱ። ሰው ቀዩን ብቻ ነው የሚያየው። ጥቁሩ ቢላላ ችግሩ ያው ነው።

«እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ አይሰሙኝም»

ቮልቱ ደህና ነው። ስትጫኑ ቀይ መብራቱ ይበራል። ግን የሚመልስ የለም። አሁን ወደ አንቴናው እንሂድ።

ይህ እኔንም ደርሶብኛል። ወደ ወደብ እየገባን ነበር። መርከቧን ወደ ውስጥ የሚመራውን ፓይለት እንጠራለን። እሱ ከሌሎች ጋር ሲያወራ ጥርት ብሎ ይሰማናል። ለእኛ ግን አይመልስም። ካፒቴኑ በመጠባበቂያው ሬዲዮ ጠርቶ አገኘው። ያንን ዋናውን ሬዲዮ ጠዋት የፈተሽኩት እኔ ነበርኩ። የፈተሽኩት ደግሞ በማዳመጥ ብቻ ነው። በኋላ ሶኬቱን ስፈታ የመሀሉ እሾህ በሊድ አልተበየደም፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እስካሁን ድረስ ያ ጠዋት ትዝ ሲለኝ ልቤ ይደነግጣል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የሬዲዮ ጆሮ በጣም ስስ ነው። የቮልት ሚሊዮንኛ ሩብ ያህል ብቻ ቢደርሰውም ንግግር ያወጣል። ስለዚህ በተቆረጠ ኬብል በኩልም ቢሆን ቅርብ ያለ ጣቢያ ይገባል። መውጣት ግን እንደ መግባት አይደለም። 25ቱ ዋት ሶኬቱ ላይ ሲደርስ መንገድ ያጣል፤ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። ብዙ ሬዲዮዎች ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ለማዳን ኃይላቸውን ይቀንሳሉ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሬዲዮውን አጥፉ። ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ንቀሉ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። የመሀሉን ሽቦና የውጩን ጥልፍ ለኩ። ምንም መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ ውስጥ ለውስጥ ተነካክቷል ወይም ውሃ ገብቶበታል። ቀጥሎ ማዶ ያለውን ጫፍ በአጭር ሽቦ አገናኙና እንደገና ለኩ። አሁን ደግሞ ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት። ካላነበበ መሀል ላይ ተቆርጧል። ኬብሉ አንቴናው ላይ እንደተሰካ ግን አትለኩ። ብዙ የጀልባ አንቴናዎች በተፈጥሯቸው መሀሉንና ዳሩን ያገናኛሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ደህና አንቴና ይጥላል።

ኤስ ደብሊው አር ሜትር ካላችሁ በሬዲዮውና በኬብሉ መሀል ስኩት። ከ1.5 በታች ከሆነ ሸጋ ነው። እስከ 2 ድረስ ይኬዳል። 3 ከደረሰ አትናገሩበት። ሜትሩ ግን ለቪኤችኤፍ የተሰራ ይሁን። ለ27 ሜጋኸርዝ የተሰራው ርካሹ ሜትር እዚህ ላይ ይዋሻል። አንድ ወጥመድም አለ። ኬብሉ በጣም ረጅምና ያረጀ ከሆነ ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል መንገድ ላይ ይበላዋል። ሜትሩም «ደህና» ይላል። የሚቻል ከሆነ አንቴናው ሥር ለኩ።

ኬብሉን ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ10 ሜትር ውስጥ ሲሶውን ያህል ኃይል ይበላል። ከ25 ዋት 16 ቢደርስ ነው። ወፍራሙ አርጂ-213 በዚያው ርዝመት 20 ያደርሳል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው የዲሽ ኬብል ደግሞ ባለ 75 ኦም ነው። የእኛ 50 ኦም ነው የሚፈልገው። ሶኬቱም በትክክል አይገባለትም። ሰው ከዲሽ የተረፈ ኬብል ይዞ ሲመጣ ይሉኝታ ሳይይዘኝ እምቢ እላለሁ።

አሁን ወደ ውሃው። ክረምት ላይ የሚበዛው ብልሽት ይህ ነው። ውሃ በሶኬቱ በኩል ይገባና በጥልፉ ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይም ወደ ታችም ይሳባል። ሶኬቱን ፍቱት። ጥልፉ እንደ አዲስ መዳብ ካላበራ፣ ጠቁሮ ወይም አረንጉዶ ከሆነ፣ እየቆረጣችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የሚያበራ መዳብ እስክታገኙ ድረስ። 1 ሜትር ሄዳችሁ ካላገኛችሁ ኬብሉን ቀይሩት። አዲሱን ሶኬት በሊድ በይዱት። ከዚያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቀው የጎማ ቴፕ ሳብ እያደረጋችሁ ጠቅልሉት። ከላዩ ናስትሮ ድረቡበት፤ የጎማውን ቴፕ ከፀሐይ ይጠብቅለታል። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም። የእኛ አገር የደጋ ፀሐይ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙጫውን ታቀልጠዋለች። ኬብሉ ወደ ጀልባው ከመግባቱ በፊት ደግሞ ወደ ታች ቀለበት ሰርቶ ይንጠልጠል። ዝናቡ በኬብሉ ላይ እየሮጠ ሲመጣ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል።

«ድምጽህ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው ይሉኛል»

አንቴናውም ቮልቱም ደህና ከሆነ ማይኩን ጠርጥሩ። ማይኩን ከአፋችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁ። በሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። መጮህ አያስፈልግም። ስትጮሁ ድምጹ ይፈርሳል።

የማይኩ ቀዳዳ ሲደፈን ሰው መርፌ ይከትበታል። እባካችሁ! ከቀዳዳው በስተጀርባ ውሃ የሚከለክል ስስ ሽፋን አለ። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ ይበቃል። የተጠማዘዘው የማይክ ገመድ ከአንገቱ ላይ ከተቆራረጠ እየተናገራችሁ ገመዱን ቀስ ብላችሁ እጠፉት። ድምጹ ሲሄድና ሲመጣ ቦታውን ታገኙታላችሁ።

የማይኩ ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ ግን አደጋ ነው። እናንተ ሳታውቁት ሬዲዮው ያለማቋረጥ ያሰራጫል። ቻናሉን ለሁሉም ይዘጋል። ምልክቱ ሁለት ነው፤ እናንተ ማንንም አትሰሙም፣ የማሰራጫው ቀይ መብራት ደግሞ አይጠፋም። ብዙዎቹ አዳዲስ ሬዲዮዎች 5 ደቂቃ ሲሞላ ራሳቸው ያቋርጣሉ። 5 ደቂቃ ግን እየሰመጠ ላለ ሰው ብዙ ነው። ማይኩን ንቀሉ፣ ቁልፉን አጽዱ።

«አንድም ይንሾካሾካል፣ አንድም ዝም ይላል»

ስኩዌልች የሚባለው ቁልፍ ነው። ሹክሹክታውን የሚያፍነው እሱ ነው። ወደ ግራ እስከ መጨረሻ አዙሩት፤ ሽሽሽ ይላል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ መልሱት። ሽሽታው ልክ ሲጠፋ አቁሙ። ጫጫታው ያሰለቸው ሰው እስከ መጨረሻው ያጠብቀዋል። ያኔ ሬዲዮው ሩቅ ያለውን ደካማ ድምጽም አብሮ ያፍናል። የተቸገረ ሰው ድምጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

ሽሽታው ድንገት ከጨመረ አካባቢውን እዩ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችና የሞባይል ቻርጀሮች ቪኤችኤፍን ይረብሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ፍተሻው ቀላል ነው። መብራቱን ሁሉ አጥፉ። ጸጥ ያለ ቻናል ላይ ስኩዌልቹን ሽሽታው ልክ እስኪጠፋ አስተካክሉ። ከዚያ መብራቱን አንድ በአንድ አብሩ። ሽሽታው ከተመለሰ ጥፋተኛውን አገኛችሁት።

«አንድ ቻናል ላይ ሆነን አንሰማማም»

ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ቁጥር፤ ግን ዝምታ። ይህን ያየ ሰው ሁለቱንም ተበላሽቷል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱም አልተበላሸም።

የባሕር ሬዲዮ ዓለም አቀፍና የአሜሪካ የሚባሉ የቻናል አደረጃጀቶች አሉት። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሞገዱ ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ ቻናል 22 በዓለም አቀፉ አደረጃጀት በ157.1 ይናገራል፣ በ161.7 ያዳምጣል። በአሜሪካው ግን ለሁለቱም 157.1 ነው። አንዱ ሬዲዮ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከሆነ አይገናኙም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ መልሱ።

ሌላም አለ። እንደ 24 ያሉ ቻናሎች ጀልባ ከየብስ ጣቢያ ጋር እንዲነጋገርባቸው የተሰሩ ናቸው። ጀልባ በ157.2 ይናገራል፣ በ161.8 ያዳምጣል። ሁለት ጀልባዎች እዚያ ላይ ቢገናኙ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም አይሰሙም። ቻናል 6 እና 16 ግን በሁለቱም አደረጃጀት አንድ ናቸው። 16 ማለት 156.8 ሜጋኸርዝ ነው። ለጭንቅ ጥሪና ለመጀመሪያ መጠራሪያ የተተወ ነው፤ ወሬ አይወራበትም።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ የሚያሰራጭ ሬዲዮ ያለፈቃድ አይያዝም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ሞገዱን የሚመድበው። ገበያ ላይ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ የሚይዙ ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች አሉ። የባሕሩንም ሞገድ ይይዛሉ። መያዝ መቻላቸው ግን ፈቃድ አይሆንም። ውሃም አይችሉም።

«ውሃ ውስጥ ወደቀ»

አይፒኤክስ7 የሚል ምልክት ያለው ሬዲዮ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ 30 ደቂቃ እንዲቆይ የተሰራ ነው። አዲስ እያለ። የዳሩ ላስቲክ ሲደርቅ ይህ ሁሉ ይቀራል። በዓመት አንዴ ላስቲኩን እዩት፤ ጸጉርና አሸዋ እንዳይኖርበት ጥረጉት፣ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀቡት። ቫዝሊን አይሆንም፤ አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጠዋል።

ከወደቀ ወዲያው አጥፉት። ባትሪውን አውጡ። ባሕር ውስጥ ከሆነ የወደቀው በንጹህ ውሃ እጠቡት። አዎ፣ ውሃ የገባበትን በውሃ። ጨው ሲደርቅ መዳቡን ይበላዋል፤ ጠዋት የሰራ ሬዲዮ በሳምንቱ የሚሞተው ለዚህ ነው። ሐይቅ ላይ ከሆነ ጨዉ እንደ ባሕሩ አያሰጋም፤ ጭቃው ነው የሚያስቸግረው። ከዚያ አየር በሚመላለስበት ጥላ ቦታ ለቀናት አድርቁት። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ። ሩዝ ውስጥም አትክተቱ፤ ዱቄቱ ስፒከሩን ይደፍናል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት ትንንሾቹ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይሻላሉ። እስኪደርቅ አታብሩት። «እስኪ ሰርቶ እንደሆነ» ብሎ ማብራት ነው ብዙውን የሚገድለው።

«ባትሪው አይቆይም»

የእጅ ሬዲዮ ላይ መጀመሪያ የምታዩት የባትሪውን ቢጫ መነካኪያዎች ነው። በላጲስ ፈግፈግ አድርጓቸው፣ በአልኮል ጥረጓቸው። የተሞላ ባትሪ ስትጫኑ ወዲያው «ባዶ» ካለ ያረጀ ነው፤ ይቀየር። ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ የሊቲየም ባትሪን በግማሽ ሞልታችሁ ከሬዲዮው ነጥላችሁ አስቀምጡ። በደሴ ብርድ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቶሎ ይደክማል። ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል።

መርከብ ላይ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። በሕይወት ማዳኛ ጀልባ ላይ የሚያዙት ሬዲዮዎች የታሸገ ባትሪ አላቸው፤ የማብቂያ ቀኑ ተጽፎበታል። እሱን ለዕለት ሥራ አትፍቱት። ወርሃዊ ፍተሻውን በሌላው ባትሪ፣ ከ16 ውጭ ባለ ቻናል አድርጉ።

«ቀዩ ቁልፍ አይሰራም»

በክዳን የተሸፈነው ቀይ ቁልፍ የጭንቅ ጥሪን በቻናል 70 በዲጂታል መልክ ይልካል። የሚሰራው ሬዲዮው ውስጥ ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥር ከገባ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ መርከቦች መለያ በ624 ይጀምራል። ቁጥሩን በግምት አታስገቡ። ብዙ ሬዲዮዎች አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል የሚችለው አምራቹ ወይም ወኪሉ ነው። በሰው ቁጥር የተጠራ ጭንቅ ደግሞ ነፍስ አድኑን ሌላ መርከብ እንዲፈልግ ይልከዋል።

ስክሪኑ ላይ ያለው የቦታ መረጃ በሰረዝ ብቻ ከሆነ ጂፒኤሱ አልደረሰውም። በሬዲዮውና በጂፒኤሱ መሀል ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች እዩ፤ ላኪው ከተቀባዩ ጋር መገናኘት አለበት፣ የመረጃው ፍጥነትም ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 4800 ቢት ነው። ቁልፉን ለሙከራ በፍጹም አትጫኑት። የፍተሻ ማውጫ ለብቻው አለው።

ሐይቅ ላይ ያሉት ወንድማማቾች አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ይፈትሻሉ። አንዱ ጀልባው ላይ ይቀራል። ሌላው የእጅ ሬዲዮውን ይዞ በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ይሻገራል። በተፈቀደላቸው ቻናል ላይ አንዱ ቁጥር ይቆጥራል፣ ሌላው የሰማውን ቁጥር መልሶ ይነግረዋል። መጀመሪያ በ1 ዋት፣ ከዚያ በሙሉ ኃይል። በ1 ዋት ከዚያ ማዶ መሰማት ያቃታቸው ቀን ገና ሳይብስ ይደውሉልኛል።